አሮጌውን የቆርቆሮ ቤት ሳያፈርሱ ማደስ፦ ብርድን፣ የመብራት ወጪንና የውሃ እጥረትን ያገናዘበ መመሪያ

በአዲስ አበባ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለውን አሮጌ የጭቃ ወይም የብሎኬት ቤት ለማደስ የተነሣ ሰው ቀድሞ የሚሰማው ምክር አብዛኛውን ጊዜ «ከማደስ አፍርሶ መሥራት ይሻላል» የሚል ነው። መሠረቱ ለሰመጠ ወይም ቋሚና ማገሩ በምስጥ ላለቀ ቤት ምክሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ለብዙዎቹ ቤቶች ግን ትክክል አይደለም። ሲሚንቶ የሚመረተው የኖራ ድንጋይን ከሌሎች ጥሬ ዕቃዎች ጋር በ1,450 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በማቃጠል ስለሆነ፣ አንድ ቶን ሲሚንቶ ሲመረት ከግማሽ ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይወጣል፤ ብረትም ከዚህ ያላነሰ ኃይል የፈሰሰበት ዕቃ ነው። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል በአንጻሩ ከሞላ ጎደል ከውሃ የሚመነጭ በመሆኑ፣ አንድ የከተማ ቤት በአካባቢ ላይ የሚያሳድረው ጫና ከአምፖሉ ይልቅ ከሲሚንቶው፣ ከብረቱና ከከሰሉ የሚመጣ ነው። ስለዚህ የቆመ ግድግዳን ማቆየት በራሱ ትልቁ ቁጠባ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው መመሪያም የተጻፈው ይህን ታሳቢ በማድረግ ነው።

ኤሌክትሪክ መቆጠብ ታዲያ ለምን ያስፈልጋል? የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው ከፍ በሚል እርከን የተከፋፈለ ስለሆነ ብዙ የሚጠቀም ሰው ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓትም የበለጠ ይከፍላል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ኃይል ማመንጨቱ ቢሰፋም፣ ኃይሉ ወደ እያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው በሰፈሩ ትራንስፎርመርና ሽቦ በኩል ነው፤ ምሽት ላይ ሁሉም ቤት ምጣዱንና የውሃ ማሞቂያውን በአንድነት ሲያበራ የሚዳከመውም ይኸው መስመር ነው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት

ቤትዎን በክረምት ይመርምሩት፤ በበጋ ያድሱት። በሐምሌና በነሐሴ ጣሪያው የሚያፈስበትን፣ ግድግዳው ከሥር የሚርስበትንና ውሃ በግቢው የሚተኛበትን ቦታ በኖራ ወይም በጠመኔ ምልክት አድርገው ፎቶ ቢያነሱት፣ በጥቅምት አናጢና ግንበኛ ሲመጡ የሚከራከሩበት ነገር አይኖርም። ጥቅምትና ኅዳር በተለይ ለጭቃና ለኖራ ልስን መድረቂያ የተመቹ ወራት ሲሆኑ፣ ሌሊቱ የሚበርድባቸው በመሆናቸውም ንፋስ የሚገባበትን ስንጥቅ በእጅ ዳስሶ ለማግኘት ያመቻሉ። የቆጣሪዎን ንባብ ደግሞ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ይጻፉ፤ ምጣድ የተጣደበትን ሳምንት ካልተጣደበት ጋር ማነጻጸር ብቻውን ገንዘቡ የት እንደሚሄድ በደንብ ያሳያል። ጣሪያ የሚነካ፣ ግድግዳ የሚያፈርስ ወይም መስኮት የሚያሰፋ ሥራ ካለ አስቀድመው ወደሚመለከተው የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ሄደው የእድሳት ፈቃድ ይጠይቁ።

ጣሪያው ይቅደም

ገንዘብዎ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃ ከሆነ በጣሪያው ላይ ያውሉት። ቆርቆሮ ስስ ብረት ነው፤ ቀን ፀሐይ ሲመታው ሙቀቱን ወዲያው ወደ ውስጥ ያሳልፋል፤ ሌሊት ደግሞ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር ሙቀቱን ፈጥኖ ስለሚለቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር እና ከዚያ በላይ በሆነ ከተማ ውስጥ የሚኖር ቤተሰብ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲነጋ የሚሰማው ብርድ አብዛኛው ከላይ የሚመጣ ነው። በአቡጀዲ ብቻ የተወጠረ ኮርኒስ ይህን ብርድ እምብዛም አይከላከልም።

መጀመሪያ የዛገው፣ የተበሳውና ሚስማሩ የላላው ቆርቆሮ ተለይቶ ይውጣ፤ ሙሉው ጣሪያ መነሣት የለበትም። ያልተበላው ቆርቆሮ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ጸረ ዝገት ቀለም ከተቀባ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ወራጆቹን በቢላዋ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርገው ይፈትሹ፤ ቢላዋው በቀላሉ የሚገባበት እንጨት ይቀየር። በአሮጌ ቤቶች የሚገኘው የጥድና የዝግባ እንጨት ዛሬ በገበያ ከሚቀርበው ባሕር ዛፍ ብዙ ጊዜ የተሻለ ስለሆነ ደህናው እንዳይጣል ሠራተኞቹን አጥብቀው ይንገሯቸው፤ ተቆርጦ የወጣውም ለበር መቃንና ለመደርደሪያ ይሆናል።

ቀጥሎ ኮርኒሱ በችፑድ ወይም በጂፕሰም ሰሌዳ ይሠራና በላዩ ላይ ሙቀት የሚከላከል ንጣፍ ይዘርጋ። ፋይበር ግላስ ከተገኘ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት በቂ ነው፤ ሲዘረጋ ጓንት፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛና ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል። ነጩ ፎም ርካሽ ቢሆንም በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከጂፕሰም በላይ ካልሆነና የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ በቱቦ ካልተሸፈኑ በስተቀር እንዲጠቀሙበት አልመክርም። አብዛኛው ሰው የሚዘነጋው ነገር ደግሞ በቆርቆሮውና በንጣፉ መካከል ያለው ክፍት ቦታ አየር ማግኘት ያለበት መሆኑን ነው። በቀዝቃዛ ሌሊት ከቤት ውስጥ የወጣ እርጥበት ከቆርቆሮው ሥር ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ መውጫ ካላገኘ ንጣፉን ያረጥበዋል፣ ኮርኒሱንም ያሻግተዋል። ስለሆነም በጣሪያው በሁለቱ ጎን የአየር ቀዳዳ ይተውና ወፍና አይጥ እንዳይገቡበት በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። (ቤትዎ በድሬዳዋ፣ በጋምቤላ ወይም በአፋር ቆላ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል፤ እዚያ ጣሪያውን ነጭ ወይም ነጣ ያለ ቀለም መቀባትና ጥላ መፍጠር ከንጣፉ ይቀድማል።)

ጨለማ ለሆነ ኮሪደርና ማድ ቤት አንድ ወይም ሁለት ብርሃን አስተላላፊ የፋይበር ቆርቆሮ ማስገባት ቀኑን ሙሉ የሚበራውን አምፖል ያስቀራል። ብዙ አያስገቡ፤ ብርሃን የሚገባበት ቦታ ሁሉ ሌሊት ሙቀት የሚወጣበት ነውና።

ግድግዳና መስኮት

የጭቃ ግድግዳ ጠላቱ ውሃ እንጂ ዕድሜ አይደለም። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ ሲረጭ የግድግዳውን ግርጌ ይበላዋል፤ ስለዚህ ከልስኑ በፊት የጣሪያው ጠርዝ ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ወጣ እንዲል፣ አሸንዳ እንዲገጠምለትና ግርጌው በድንጋይ እንዲደገፍ ያድርጉ። ከዚያ በኋላ የተቦረቦረው ቦታ ከጤፍ ጭድ ጋር በደንብ ተቦክቶ ለቀናት በከረመ ጭቃ ይመረጋል፤ ምርጊቱ ፈጽሞ ሲደርቅ አንድ እጅ ኖራ ከሦስት እጅ አሸዋ ጋር ተቀላቅሎ ይለሰናል። ግንበኞች ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡት የሲሚንቶ ልስን ጠንካራ ቢመስልም ከጭቃው ጋር አብሮ አይለጠጥም፤ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃም መውጫ አጥቶ ውስጥ ያለውን እንጨት ያበሰብሳል። ኖራ ግን እርጥበትን ያስተነፍሳል። በኖራ የሚሠራ ሰው ዓይኑንና ቆዳውን መሸፈን አለበት።

አሮጌ የዘይት ቀለም ያለበትን በርና መስኮት በደረቁ አያስፍቁ። በዱሮ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖር ስለሚችል አቧራው በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው፤ በውሃ እያረጠቡ መፋቅና ፍቅፋቂውን በፌስታል ሰብስቦ ማስወገድ ይገባል።

መስኮትን በሚመለከት የኔ አቋም ቁርጥ ያለ ነው፦ የሚዘጋ መስኮት ካለዎት አይቀይሩት። የብረቱ መስኮት ስቱኮው ታድሶ፣ ማጠፊያው ተስተካክሎና የጎማ ማሸጊያ ዙሪያውን ተለጥፎለት ከዝቅተኛ ጥራት አሉሚኒየም ጋር የሚስተካከል አገልግሎት ይሰጣል፤ አሉሚኒየም ራሱ ብርድን በፍጥነት የሚያስተላልፍ ብረት ነው። አዲስ መስኮት መክፈት ግድ ከሆነ በደቡብ በኩል ይክፈቱት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል 57 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ ስለምትውል፣ በብርዱ ወራት ክፍሉን የምታሞቀው በዚያ መስኮት ገብታ ነው። በምዕራብ በኩል ያለ ትልቅ መስኮት ግን ከሰዓት በኋላ ያስጨንቃል እንጂ ሌሊቱን አያሞቅም።

እዚህ ላይ ሁሉም ሊያውቀው የሚገባ አደጋ አለ። ስንጥቁ የተደፈነ፣ ኮርኒሱ የተዘጋና መስኮቱ በጎማ የታሸገ ቤት ውስጥ የከሰል ምድጃ አያስገቡ፤ ለቡናም ቢሆን፣ ለማሞቂያም ቢሆን። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ቀድሞ በስንጥቁ ይወጣ የነበረው ጋዝ አሁን እቤት ውስጥ ይቀራል፣ ተኝቶ ያለን ሰውም ይገድላል። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ፤ ከሰሉ የግድ ከሆነ በረንዳ ላይ ይሁን።

ምጣዱና ሙቅ ውሃው

አምፖሎቹን ወደ ኤልኢዲ መቀየር ፈጣኑ ሥራ ነው፤ የ60 ዋቱን አምፖል የ9 ዋት ኤልኢዲ ይተካዋል። ዋናው ፍጆታ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው።

የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ይህ 16 አምፔር ያህል ነው። ብዙ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ምጣዱ የሚሰካው ለመብራት በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ስለሆነ ሽቦው ይግላል፣ ምጣዱ ጋ የሚደርሰው ቮልቴጅም ይወርዳል። ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ የምጣዱ ኃይል በአንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ምጣዱ ዘግይቶ ይሰማል፣ በየእንጀራው መካከል ያለው ጊዜ ይረዝማል፣ በዚያ ጊዜ ሁሉ ሙቀት ይባክናል። ስለዚህ በእድሳቱ ወቅት ከዋናው ማከፋፈያ በቀጥታ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት መስመር ያለው መስመር ለምጣዱ ብቻ ያዘርጉ። ምጣዱ ራሱ ከሥሩ ሙቀት የሚይዝ ነገር ያለው፣ አክንባሎውም ዙሪያውን በደንብ የሚገጥም ይሁን። የሳምንቱን እንጀራ በአንድ ጊዜ መጋገርና ምጣዱ ከመቀዝቀዙ በፊት ቆሎውን ወይም አምባሻውን ማከታተል፣ የመጀመሪያውን ማሞቂያ ኃይል ደጋግሞ ከመክፈል ያድናል። ከተቻለ ይህ ከምሽቱ የጭነት ሰዓት ውጭ ይደረግ።

በቦይለር 80 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። ቦይለሩን ቀንና ሌሊት ሰክቶ መተው ይህን ከፍ ያደርገዋል፤ ሰዓት መቆጣጠሪያ ገጥሞ ከመታጠቢያ ሰዓት በፊት ብቻ ማብራት፣ የሙቅ ውሃ ቧንቧውንም በስፖንጅ መሸፈን ብዙ ይቀንሳል። አቅም ላለው ሰው ግን ከሁሉ የሚሻለው የሶላር ውሃ ማሞቂያ ነው። ለአምስት ሰው ቤተሰብ ከ150 እስከ 200 ሊትር ያለው ይበቃል፤ በክረምቱ ደመና ቀናት የሚደግፈው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሊኖረው ይገባል። ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ነገሮችን ያረጋግጡ። ሲሞላ ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ዕቃ የቤትዎ ወራጅ መሸከሙን አናጢው ይመርምር፤ ካልቻለ በግቢው ውስጥ በተሠራ የብረት ማማ ላይ ይቀመጥ። ግፊት የማይችለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ የሚሰጠው ሮቶ ከሶላሩ ታንከር ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ይህን ሳያስቡ ሶላሩን ከሮቶው በላይ የሰቀለ ቤት ሙቅ ውሃ አያገኝም።

የጣሪያ ውሃ

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 80 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር የወረደ እንደሆነ፣ የሚረጨውና የሚፈሰው ሳይቀነስ፣ 1,600 ሊትር ይሆናል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ለሽንት ቤት፣ ለልብስና ለወለል ማጠቢያ ብዙ ቀን ያደርሳል። አሸንዳው ወደ ሮቶው ከመግባቱ በፊት የመጀመሪያውን ውሃ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ወደ ውጭ የሚያፈስ መዝጊያ ይኑረው፤ የሮቶው አፍ በወንፊት ይሸፈን፤ ይህ ውሃ ሳይፈላ አይጠጣ። የትርፉ ውሃ መውጫ ከቤቱ መሠረት ርቆ ወደ ጓሮ አትክልት ይመራ።

የፀሐይ ፓነል

ፓነልን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ስለምጠላው አይደለም። ከተማው የሚጠቀመው ኤሌክትሪክ ከውሃ የሚመነጭ በመሆኑ አዲስ አበባ ላይ የፓነል ዋና ጥቅሙ መብራት ሲጠፋ ማገልገል ነው፤ በዚህ መልኩ ካሰቡት መጠኑን በትክክል ይመርጣሉ። ለአምፖሎች፣ ለቴሌቪዥን፣ ለዋይፋይና ለስልክ ቻርጅ የሚሆን አነስተኛ ሲስተም ይበቃል፤ ምጣድና ቦይለር በዚህ ላይ አይሰኩ፣ ባትሪውን በአጭር ጊዜ ይጨርሱታል። ፓነሉ ወደ ደቡብ ዞሮ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያዘንብል፤ ይህ ዘንበል ማለቱ ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥበው ይረዳል። የእርሳስ አሲድ ባትሪ የገዙ እንደሆነ ከግማሽ በታች እንዲወርድ አያድርጉ፤ አየር በሚያገኝ ቦታ፣ ከመኝታ ክፍልና ከእሳት ርቆ ይቀመጥ። ፓነሉን የሚይዘው ብሎን ቆርቆሮውን የሚበሳበት ነጥብ ሁሉ በጎማና በሲሊኮን ታሽጎ፣ ሠራተኛው ከመሰናበቱ በፊት በባልዲ ውሃ ተፈስሶበት ይፈተሽ።