«ሀዋሳ» እና «ሐዋሳ» ለኮምፒውተር አንድ አይደሉም፦ ጀማሪዎች በስትሪንግ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሀዋሳ ውስጥ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለሚማሩ ጀማሪዎች ስለ ስትሪንግ፣ ማለትም በፕሮግራም ውስጥ እንደ ጽሑፍ ስለሚያዝ መረጃ፣ ሳስረዳ የምነሣው ከከተማዋ ስም ነው። ስሙን በወረቀት ላይ ጻፉ ሲባሉ አንዱ «ሀዋሳ»፣ ሌላው «ሐዋሳ»፣ ሦስተኛው «ሃዋሳ»፣ የድሮውን አጠራር የለመደው ደግሞ «አዋሳ» ብሎ ይጽፋል። ለአንባቢ አራቱም አንድ ከተማ ናቸው። ኮምፒውተሩ ግን የሚያነጻጽረው ድምፁን ወይም ትርጉሙን ሳይሆን በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ለእያንዳንዱ ፊደል የተሰጠውን ቁጥር ነው፤ የ«ሀ» ቁጥር 4608፣ የ«ሃ» 4611፣ የ«ሐ» 4624፣ የ«አ» 4768 ስለሆነ ስሞቹን እንደ አራት የተለያዩ ከተሞች ይቆጥራቸዋል። አንድ ተማሪዬ ነዋሪዎችን በከተማ የሚለይ ፕሮግራም ጽፎ ቁጥሩ እጅግ ሲያንስበት የማነጻጸሪያውን መስመር ደጋግሞ መረመረ፤ መስመሩ ግን ትክክል ነበር፤ ችግሩ የነበረው በተመዘገቡት ስሞች አጻጻፍ ላይ ነው።

መፍትሔው ከማነጻጸር በፊት ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ማምጣት ነው፤ «ሐ» እና «ኀ» ወደ «ሀ»፣ «ሠ» ወደ «ሰ»፣ «ዐ» ወደ «አ»፣ «ፀ» ወደ «ጸ» ሲመለሱ ሰባቱም የፊደሉ ዘሮች አብረው መለወጥ አለባቸው፤ «ሃ» እና «ኣ» የመሳሰሉትም መዘንጋት የለባቸውም። ይህ ሥራ መደረግ ያለበት ለማነጻጸሪያ በተዘጋጀ ቅጂ ላይ ብቻ ነው። «ሠናይት» ብላ የተመዘገበች ሴት ስሟን በፕሮግራሙ ምክንያት «ሰናይት» ተብሎ ልታገኘው አይገባም። «አዋሳ» ግን የሞክሼ ጉዳይ ስላልሆነ በዚህ መንገድ አይስተካከልም፤ የቀድሞ ስሞችን ከአሁኖቹ ጋር የሚያያይዝ ትንሽ መዝገብ ለብቻው ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ስህተት ከተጠቃሚው የመጣን ቁጥር እንደ ቁጥር መቁጠር ነው። ከተጠቃሚው መልስ በሚቀበለው ኢንፑት በተባለው ትእዛዝ የሚገባ ነገር ሁሉ ስትሪንግ ነው። በሀዋሳው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል ጠዋት 12፣ ከሰዓት 8 ቆሮሶ ዓሣ ተሽጦ ሁለቱን መልሶች በመደመር ምልክት ያገናኘ ሰው ውጤቱ 20 ሳይሆን «128» ይሆንበታል። ፕሮግራሙ አይቆምም፣ የስህተት መልእክትም አያሳይም፤ ይህን ስህተት አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ዝምታው ነው። መልሶቹን ከመደመር በፊት ኢንት በተባለው ትእዛዝ ወደ ቁጥር መለወጥ ግድ ነው።

ስትሪንግ አንዴ ከተፈጠረ በኋላ አይለወጥም። አንዱን ፊደል በሌላ የሚተካው ሪፕሌስ የተባለው ትእዛዝ አሮጌውን ሳይነካ አዲስ ስትሪንግ ስለሚሰጥ ውጤቱ በስም ካልተያዘ ይጠፋል። ቆጠራው ከዜሮ መጀመሩም እንዲሁ መታወቅ አለበት፦ በ«አዳማ» ውስጥ «ዳ» ያለው በ1 ቁጥር ላይ ነው።

ከዓይን የሚሰወሩት ምልክቶች ብዙ ጊዜ ያባክናሉ። ከስም በስተኋላ የተረሳ አንድ ክፍት ቦታ እኩልነትን ስለሚያፈርስ ከዳርና ከዳር ያለውን ክፍት ቦታ የሚያስወግደውን ስትሪፕን መጠቀም ይገባል። ጽሑፍን ወደ ቃላት የሚከፍለው ስፕሊት ግን በክፍት ቦታ እንጂ በሁለት ነጥብ «፡» ቃላትን አይለይም፤ በድሮው ሥርዓት በሁለት ነጥብ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር እንዳለ አንድ ቃል ሆኖ ይቀራል። በአራት ነጥብም ላይ ተመሳሳይ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ሰው «።» በሚለው አንድ ምልክት ፈንታ «፡» የሚለውን ሁለት ጊዜ ስለሚመታ፣ ጽሑፉን ወደ ዓረፍተ ነገሮች ከመክፈል በፊት «፡፡» የሚለውን በ«።» መተካት ያስፈልጋል። የግእዝ አኃዝም ያታልላል፦ አንድ ምልክት አኃዝ መሆኑን የሚጠይቀው ኢዝዲጂት «፩» አኃዝ ነው ብሎ ይመልሳል፣ ኢንት ግን አይቀበለውም።

የመጨረሻው ፋይል ማስቀመጥን ይመለከታል። «ሀዋሳ» ሦስት ፊደል ቢሆንም ፊደላትን ወደ ባይት (የኮምፒውተር መረጃ መለኪያ) በሚለውጠው ዩቲኤፍ-8 በተባለው ሥርዓት ሲቀመጥ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ 9 ባይት ይሆናል። ስለዚህ ጽሑፍን በባይት ልክ የሚቆርጥ ሰው ፊደሉን መሐል ላይ ሊሰብረው ይችላል። ፋይል ሲከፈትም ኢንኮዲንጉ (ፊደላቱ ወደ ባይት የሚለወጡበት ሥርዓት) ዩቲኤፍ-8 መሆኑ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ካልተጻፈ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ በደንብ የሠራው ፕሮግራም በሌላው ላይ የመጀመሪያውን የአማርኛ ፊደል ሊጽፍ ሲል ሊቆም ይችላል።