ወንዶች፣ በቴሌግራም ልብስ ከማዘዛችሁ በፊት ሜትር ያዙ

አዲስ አበባ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዛሬ ዛሬ ከምሰፋው የማስተካክለው ይበልጣል። አብዛኛውም ወንዶች በቴሌግራም አዝዘው ያመጡት ነው። ለምን ሱቅ እንደማይሄዱ ስጠይቃቸው መልሳቸው ይቀራረባል። ዋጋ መከራከር አይወዱም። ሻጩ አጠገባቸው ቆሞ «ልክህ ነው፣ ያምርብሃል» ሲላቸው ደግሞ ይሉኝታ ይይዛቸውና ያልወደዱትን ገዝተው ይወጣሉ። ቤቱ ቁጭ ብሎ በስልክ የሚመርጥ ሰው ማንን ያፍራል? ክፍያውም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር ቀሏል።

እውነታቸውን ነው። የሚያሳዝነኝ ልኩን ሳያውቅ የሚያዝዘው ነው።

በጣም ልካችሁ የሆነውን ሸሚዝ ቆልፋችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። በጀርባው በኩል ከአንዱ ትከሻ ስፌት እስከ ሌላው ለኩ። ከዚያ ከብብት እስከ ብብት፣ ከኮሌታው ሥር እስከ ታች፣ በመጨረሻም እጅጌውን። ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ሻጩን «ሳይዙ ስንት ነው?» ከማለት «ትከሻውን ለክተህ ፎቶ ላክልኝ» በሉት። ቁም ነገረኛ ነጋዴ ሜትሩን ልብሱ ላይ አድርጎ ያነሳላችኋል። «ይሆንሃል» ብቻ ካለ እለፉት።

ትከሻ ላይ የምደርቀው በምክንያት ነው። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ወገብ አጠባለሁ፣ የሸሚዝ ጎን እሰበስባለሁ። የኮት ትከሻ ግን እጅጌው ተፈትቶ እንደገና መገጠም አለበት። ሥራው ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜም እንደ መጀመሪያው አይቀመጥም። ስለዚህ ትከሻው ልክ ከሆነ ወገቡ ትንሽ ቢሰፋም ግዙት። ትከሻው ከወደቀ ግን ርካሽ ነው ብላችሁ አትያዙት።

ቁጥሮቹንም እወቋቸው። የቱርክ ኮት ላይ 50 የሚል ካያችሁ፣ የደረት ዙሪያው 100 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ነው። የራሳችሁን ደረት ለክታችሁ ለሁለት አካፍሉት። የቻይና ኤክስ ኤል ብዙ ጊዜ ከሌላው ላርጅ አይበልጥም፤ ፊደሉን አትመኑ። ጂንስ ላይ ያለው 32 ኢንች ነው፤ ወደ 81 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ለጫማ ደግሞ ተረከዛችሁን ግድግዳ አስጠግታችሁ ወረቀት ላይ ቁሙና የእግራችሁን ርዝመት ለኩ። 1.5 ሳንቲ ሜትር ጨምሩበት፣ ከዚያ በ1.5 አባዙት። 26.5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 42 ይመጣል።

ቀለሙን በቀን ብርሃን በተነሳ ቪዲዮ እዩ። አምፖል ሥር ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ አይለዩም።

ለክታችሁ ካልሆነ መመለስ እንደምትችሉ፣ የሞተሩንስ ሂሳብ ማን እንደሚከፍል፣ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ዕቃው ሲመጣ ሞተረኛው ሳይሄድ ልበሱት። እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ፣ ቁጭ በሉ። ጠበብ ካለ ገልብጡትና ከስፌቱ ውስጥ የተረፈውን ጨርቅ እዩ። የጣት ስፋት ያህል ካለ ይሰፋል። ስፌቱ ጥግ ድረስ ከተቆረጠ ግን ማንም ሰፊ አያድነውም፤ መልሱት።

የጥጥ ሱሪ ከሆነ ወደኛ ከማምጣታችሁ በፊት አንዴ እጠቡት። ሲታጠብ ስለሚያጥር፣ ቀድሞ የተቆረጠ ሱሪ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል።