የፋብሪካ ቦይለርን ለውሃ ግፊት ሙከራ ማዘጋጀት

ድሬዳዋ ውስጥ የእንፋሎት ቦይለር ስጠግን እንዳየሁት፣ የግፊት ሙከራ (ቦይለሩን በውሃ ሞልቶ፣ በፓምፕ ግፊት ጨምሮ የሚያፈስ ቦታ መፈለግ) የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ፓምፑ ከመነሳቱ በፊት ነው።

ቦይለሩ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ ውሃውን አፍስሰው ክዳኖቹን ይክፈቱ። የከተማችን የጉድጓድ ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት ቱቦዎቹን ድንጋይ የመሰለ ቅርፊት ይለብሳቸዋል። ቅርፊቱ ስንጥቅን ሊደፍን ስለሚችል ሙሉ በሙሉ ይነሳ። አሮጌ ጓርኒሲዮን (የክዳን ማሸጊያ) መልሶ መግጠም አልደግፍም።

ሴፍቲ ቫልቩን (ግፊት ሲበዛ በራሱ ተከፍቶ የሚያስተነፍሰውን) ፈትተው ቦታውን በድፍን ፍላንጅ (በቡሎን በሚታሰር ቀዳዳ አልባ የብረት ክዳን) ይዝጉ። የቫልቩን ሞላ በቡሎን አጥብቆ መሞከር ጊዜ ቢቆጥብም ዘንጉን ስለሚያጣምም አቋራጩን አልቀበለውም። የሙከራው ግፊት ብዙውን ጊዜ ከከፍተኛው የሥራ ግፊት 1.5 እጥፍ ስለሆነ፣ በ10 ባር (ባር የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ለሚሠራ ቦይለር እስከ 30 ባር የሚያነቡ፣ ትክክለኛነታቸው የተረጋገጠ ሁለት መለኪያዎች ይግጠሙ።

ከሁሉም የሚከብደው አየሩን ማስወጣት ነው። ውሃ እምብዛም ስለማይታመቅ አንድ ቦታ ቢከፈት ግፊቱ ወዲያው ይወድቃል፤ የታመቀ አየር ግን እንደ ተጫነ ሞላ ኃይል አጠራቅሞ ያገኘውን ይወረውራል። አንድ ጊዜ ከአየር ማስወጫው ውሃ ሲረጭ አይቼ፣ ሞልቷል ብዬ ዘጋሁት። የእጅ ፓምፑን ደጋግመን ብንገፋም የመለኪያው ቀስት እየዘገየ ወጣ፤ እኔም ምክንያቱን ሳልጠይቅ ቀጠልኩ። 9 ባር ላይ የክዳኑ ጓርኒሲዮን ተፈንቅሎ ወጣ፤ ረዳቴ ከፊቱ ዘወር ያለው ከቅጽበት በፊት ነበር። አየሩ የተደበቀው ከማስወጫው ከፍ ብሎ በሚታጠፈው የእንፋሎት ቧንቧ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ከታች በኩል ቀስ ብለው ይሙሉ፤ ከማስወጫው በላይ ያለ ቧንቧ ካለ ፍላንጁን (በቡሎን የታሰረውን የቧንቧ መገጣጠሚያ) አላልተው ያስተንፍሱት፤ ውሃው ሳይቆራረጥና ያለ አረፋ ለጥቂት ደቂቃዎች እስኪፈስም ይጠብቁ። በትክክል የሞላ ቦይለር ፓምፑ ጥቂት ጊዜ እንደተገፋ ቀስቱን ያስነሳል።

የድሬዳዋ ሙቀትም ሊታሰብበት ይገባል። ሞልቶ በተዘጋ ቦይለር ውስጥ ውሃው በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢሞቅ፣ ፓምፑን ማንም ሳይነካው ግፊቱ በበርካታ ባር ሊጨምር ይችላል፤ ስለዚህ ለቀትር ዕረፍት ሲወጡ ማስወጫውን ክፍት ይተዉ። የውሃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ አይነስ፣ ከ50 አይብለጥ።

በመጨረሻም የብየዳ መስመሮቹን የሸፈነውን የሙቀት መከላከያ አንስተው፣ በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ነጭ ጠመኔ ይቀቧቸው፤ ግፊቱ ሲወጣ ላብ የምታህል እርጥበት እንኳ በነጩ ላይ ጠቁራ ትታያለች።