ያገለገለ ክሩዘር ሞተር ስትገዙ

ባህር ዳር ላይ በትንሽ ብር ያገለገለ ክሩዘር (ዝቅ ያለ ከባድ ሞተርሳይክል) ለምትፈልጉ፦ ጠዋት ሂዱ። ሻጩ ቀድሞ እንዳያስነሳው ንገሩት። ስትደርሱ እጃችሁን ወደ ሞተሩ ጠጋ አድርጉ። ከሞቀ ቀድሞ ተነስቷል፤ ሲቀዘቅዝ የሚያስቸግር ሊሆን ስለሚችል ሌላ ቀን ተመለሱ። ስታስነሱት ማርሚታውን እዩ። ሰማያዊ ጭስ አልቆም ካለ ዘይት እየበላ ነው። ይሄ ጥገናው ኪስ ያራቁታል፤ በርካሽ ገዛሁ ያላችሁት ብር እዚያው ያልቃል።

የኒኬሉ ማብረቅረቅ አይሸውዳችሁ። የነዳጅ ታንከሩን ክዳን ከፍታችሁ በስልክ መብራት ውስጡን ተመልከቱ። ቆሞ የከረመ ሞተር ታንከሩ ይዝጋል፤ ዝገቱ ወርዶ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ይደፍናል።

በሐይቁ ዳር አስፋልት ላይ ብቻ አትሞክሩት። ኮብልስቶን ውስጥ አስገቡት። ክሩዘር ከባድና ወደ መሬት የቀረበ ስለሆነ የሾኩ ድካም እዚያ ነው የሚታወቀው። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ስትደርሱ ሆዱን ከመታ ተጠንቀቁ።

መለዋወጫው ከተማው ውስጥ መኖሩንም መካኒክ ጠይቁ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ብረቱ ላይ ያለው ቁጥር ከተፋቀ፣ ደላላው ምንም ቢላችሁ፣ ትታችሁት ሂዱ።