የግራፊክስ ድራይቨር ሲያስቸግር ጀማሪዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ስክሪኑ ይብለጨለጫል። መስኮት ስትጎትቱ እየተንቀጠቀጠ ይከተላችኋል። ቪዲዮ ይቆራረጣል፣ ጽሑፉ ከልክ በላይ ገዝፏል፣ ከኋላው ያለውን ያሳይ የነበረው ታስክባር ድንገት ድፍን ሆኗል። እንዲህ ሲሆን አብዛኛው ጀማሪ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ፊቱ የመጣለትን ድራይቨር ይጭናል፤ ድራይቨር ማለት ዊንዶውስን ከግራፊክስ ካርዱ፣ ማለትም ምስሉን ከሚሥለው ዕቃ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። ካልሆነ ሌላ ይጭናል። እሱም ካልሆነ ኮምፒውተሩን ፎርማት ያደርጋል። እርዳታ ፈልገው የሚመጡ ሰዎችን ኮምፒውተር ስከፍት ብዙ ጊዜ የሚያደክመኝ የመጀመሪያው ብልሽት አይደለም፤ እሱን እናስተካክል ሲሉ የጨመሩት ነው። ስለዚህ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ብልሽቱ የቱ ጋ እንዳለ ሳያውቁ ድራይቨር መቀየር

መጀመሪያ የሚጠየቀው «የትኛውን ድራይቨር ልጫን?» አይደለም። «ችግሩ የቱ ጋ ነው?» ነው። ምስሉ ዓይናችሁ ጋ እስኪደርስ በብዙ እጅ ያልፋል። ፕሮግራሙ ያዛል፣ ድራይቨሩ ትእዛዙን ካርዱ ወደሚገባው ይለውጣል፣ ካርዱ ይሥላል፣ ኬብሉ ያደርሳል፣ ሞኒተሩ ያሳያል። ድራይቨሩ ከነዚህ አንዱ ብቻ ነው፤ ወቀሳው ግን ሁሌም እሱ ላይ ይወድቃል።

ለመለየት ምንም መግዛት አያስፈልግም። ስክሪኑ ላይ መስመር ወይም ነጠብጣብ ሲታያችሁ ስክሪንሾት አንሱና ወደ ስልካችሁ ልካችሁ እዩት። መስመሩ ምስሉ ውስጥም ካለ ችግሩ ከካርዱ፣ ከድራይቨሩ ወይም ከፕሮግራሙ ነው። ምስሉ ንጹህ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ኬብሉንና ሞኒተሩን ጠርጥሩ። ላፕቶፕ ከሆነ ሌላ ሞኒተር ወይም ቴሌቪዥን ሰክታችሁ አወዳድሩ።

ሁለተኛው መንገድ ኮምፒውተሩ ገና ሲበራ ማየት ነው። የአምራቹ አርማ ላይ ወይም ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ መስመሩ ካለ፣ በዚያ ሰዓት የዊንዶውስ ድራይቨር ገና ሥራ አልጀመረም። ያልጀመረ ነገር ጥፋተኛ ሊሆን አይችልም። ያኔ ድራይቨር መቀያየሩን ትታችሁ ዕቃውን አስመርምሩ።

መብለጭለጭ ከሆነ ደግሞ ማይክሮሶፍት ራሱ የሚመክረው ቀላል ፈተና አለ። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን (እየሠሩ ያሉትን ፕሮግራሞች የሚያሳየውን መስኮት) ክፈቱ። ታስክ ማናጀሩም አብሮ ከተብለጨለጨ ድራይቨሩን ጠርጥሩ። ሌላው ሁሉ እየተብለጨለጨ እሱ ብቻ ጸጥ ካለ አንድ የማይስማማ ፕሮግራም አለ ማለት ነው። ችግሩ ብሮውዘር ውስጥ ብቻ ከሆነም የብሮውዘሩን ሃርድዌር አክስለሬሽን (ሥዕሉን ለግራፊክስ ካርዱ የሚሰጠውን ሴቲንግ) አጥፍታችሁ ሞክሩ፤ ከተስተካከለ ምንጩን በጣም አጠበባችሁት።

አንድ ሰው አውቃለሁ፤ ስክሪኑ እየጠፋ ሲመለስ ዊንዶውሱን ደጋግሞ ፎርማት አደረገው። ፎቶዎቹም በዚያው ሄዱ። የሞኒተሩ ኬብል ከኋላ በደንብ አልተሰካም ነበር። የሄዱት ፎቶዎች እስከ ዛሬ ያንገበግቡኛል።

«ድራይቨር አዳሽ» ነን የሚሉ ፕሮግራሞች

እዚህ ላይ ደሜ ይፈላል።

ታውቋቸዋላችሁ። ኮምፒውተራችሁን «ይፈትሻሉ»፣ ከዚያ በቀይ ቀለም «ይህን ያህል ድራይቨር ጊዜው አልፎበታል፣ ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ነው» ይላሉ። ለማስተካከል ክፈሉ ይላሉ። በነጻ የሚሠሩትም ብዙ ጊዜ ማስታወቂያና ያልጠየቃችሁትን ሌላ ፕሮግራም ይዘው ይገባሉ። ጀማሪውን የሚይዙት በፍርሃት ነው፤ እሱ ነው የሚያናድደኝ። ሰውየው ኮምፒውተሩን የሚያውቀው ትንሽ ስለሆነ ቀይ ጽሑፍ ሲያይ ያምናል።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ድራይቨር ስላረጀ ብቻ አይበላሽም። ዲቫይስ ማናጀር (የኮምፒውተሩን ዕቃዎችና ድራይቨሮቻቸውን የሚዘረዝረው የዊንዶውስ ገጽ) ውስጥ ገብታችሁ ከዊንዶውስ ጋር አብረው የሚመጡትን ድራይቨሮች ብታዩ ብዙዎቹ ላይ ያለው ቀን ሰኔ 21 ቀን 2006 ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። አዲስ ኮምፒውተር ላይም እንደዚያው ነው። ስህተት አይደለም። ማይክሮሶፍት ሆን ብሎ የጻፈው ነው፤ የዕቃው አምራች የራሱን ድራይቨር ሲያወጣ ቀኑ ምንጊዜም የበለጠ አዲስ ሆኖ እንዲመረጥ። ይህን የማያውቅ ሰው ቀኑን አይቶ ይደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ከፊቱ ያለውን ትልቅ ቁልፍ ይጫናል።

አንዲት ተማሪ በእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ሁሉንም «አድሱልኝ» ብላ ተጫነች። ሲጨርስ ስክሪኗ ተለጥጦ፣ ድምፁ ጠፍቶ፣ ዋይፋዩም አልሠራ ብሎ ተገኘ። ትክክለኛውን ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱን የሚያገናኘው ድራይቨር ደግሞ ተበላሽቷል። እና ያ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ኮምፒውተሯ ላይ ምን ነበር ችግሩ? ምንም! አንድ ቪዲዮ ስለዘገየባት ነው።

ድራይቨር የሚመጣባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ላፕቶፕ ከሆነ የአምራቹ ድረ ገጽ፣ በትክክለኛው የሞዴል ስም። ዴስክቶፕ ላይ የተሰካ ካርድ ከሆነ የካርዱ ሠሪ፣ ማለትም ኢንቪዲያ፣ ኤኤምዲ ወይም ኢንቴል። ሌላው ዊንዶውስ አፕዴት ነው። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም የምትጠቀሙ ከሆነ የስርጭቱ (ለምሳሌ የኡቡንቱ) የራሱ የፕሮግራም ማከማቻ። ከዚህ ውጪ «ሁሉንም ድራይቨር በነጻ» የሚል ገጽ ስታዩ ዝጉት።

ካርዱ በእርግጥ እየሠራ መሆኑን አለማየት

ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቱ፤ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ዘርግቱ። የካርዳችሁን ስም ካያችሁ ጥሩ። «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ካለ ግን ዊንዶውስ ካርዳችሁን ስላላወቀው በመጠባበቂያ ድራይቨር እያሳያችሁ ነው። ጽሑፉ የገዘፈውም፣ መስኮቱ የሚንቀጠቀጠውም፣ ሁለተኛው ሞኒተር እምቢ ያለውም ለዚህ ነው። ካርዱ ሊሠራ የሚገባውን ሥዕል ሁሉ ዋናው ፕሮሰሰር ተሸክሞታል። ይህን አንድ መስመር ሳያዩ ለሰዓታት ሴቲንግ የሚነካኩ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ኢፌክቶችን በሙሉ አጥፍቶ ፍጥነት መጠበቅ

«ጥላውን፣ ግልጽነቱን (መስኮቱ ከኋላው ያለውን ማሳየቱን) እና አኒሜሽኑን አጥፉ፣ ይፈጥናል» የሚለው ምክር ከድሮ ጀምሮ ይዞራል። ምንጩን መረዳት ይጠቅማል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ እያንዳንዱ መስኮት ለብቻው ይሣላል፤ ከዚያ አንድ ክፍል ሁሉንም አዋህዶ ስክሪኑ ላይ ያወጣቸዋል። የማዋሃዱን ሥራ የሚሠራው ግራፊክስ ካርዱ ነው። በዊንዶውስ 7 ይህን ማጥፋት ይቻል ነበር። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ አይቻልም፤ ዴስክቶፑ ያለሱ አይታይም። ስለዚህ ከዊንዶውስ 7 ዘመን የመጣን ምክር ዛሬ ላይ ብትከተሉ የሚጠፋው ጌጡ እንጂ ሥራው አይደለም።

ካርዱና ድራይቨሩ ደህና ከሆኑ ጥላና ግልጽነት ለካርዱ ቀላል ሥራ ነው። መስኮት ማንቀሳቀስ ከከበደው ኢፌክቱ በሽታው አይደለም፤ ምልክቱ ነው። ከላይ ያልኩትን ዲስፕሌይ አዳፕተር እዩ። ከዚያ ታስክ ማናጀር ውስጥ ሚሞሪውና ዲስኩ ሞልተው እንደሆነ እዩ። በርግጥ ደካማና አሮጌ ካርድ ላይ ግልጽነቱንና አኒሜሽኑን ማጥፋት ትንሽ ያቃልላል፤ ያን አልክድም። ግን እነዚያን ሁለቱን ብቻ አጥፉ።

ምክንያቱም በዊንዶውስ የኢፌክቶች ዝርዝር ውስጥ «አጀስት ፎር ቤስት ፐርፎርማንስ» የሚለውን ስትመርጡ የፊደላት ማለስለሻውም አብሮ ይጠፋል። ጽሑፉ ጠርዙ ይሸራረፋል። ከዚያ ሰውየው «ድራይቨሬ ተበላሸ» ብሎ ይመጣል! እዚያው ዝርዝር ውስጥ «ስሙዝ ኤጅስ ኦቭ ስክሪን ፎንትስ» የሚለውን መልሳችሁ ምልክት አድርጉበት፤ አለቀ።

ግልጽነቱ በራሱ ከጠፋ ደግሞ ቻርጀሩን ሰኩ። ባትሪ ቆጣቢው ሲበራ ዊንዶውስ ራሱ ያጠፋዋል።

«አጥፍቼ አብርቼዋለሁ»

አጥፍቶ ማብራት ሪስታርት አይደለም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርታፕ የሚባል ነገር አለ። እሱ በርቶ ሳለ «ሻት ዳውን» ስትሉ ዊንዶውስ ድራይቨሮቹን ጨምሮ የውስጡን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል፤ ስታበሩት ያንኑ ያነሣዋል። የተበላሸውም አብሮ ይነሣል። ሁሉንም ከዜሮ የሚያስጀምረው «ሪስታርት» የሚለው ነው። ድራይቨር ከጫናችሁ በኋላ ሁልጊዜ እሱን ተጠቀሙ።

ስክሪኑ ሲጠቁር መደናገጥ

ድራይቨር ሲጫን ስክሪኑ ለትንሽ ጊዜ መጥቆሩ፣ ብልጭ ድርግም ማለቱ የተለመደ ነው። ታገሡ። በመሃል ኃይሉን አታቋርጡ፤ በግማሽ የተጫነ ድራይቨር ካልተጫነው የባሰ ነው።

ብዙ ቆይቶም ካልተመለሰ የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና የ«ቢ» (B) ፊደልን አንድ ላይ ተጫኑ። ይህ የግራፊክስ ድራይቨሩን ብቻ እንደገና ያስጀምረዋል፤ የከፈታችሁት ሥራ አይዘጋም። ካልሠራ ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በአስፈላጊዎቹ ነገሮች ብቻ የሚነሣበት ሁኔታ) ግቡ። ሺፍትን ይዛችሁ «ሪስታርት» ስትሉ ወደ ሴፍ ሞድ የሚያስገባው የጥገና ገጽ ይመጣል። ስክሪኑ ጭራሽ ካልታየ ደግሞ ዊንዶውስ መነሣት ሲጀምር በኃይል ቁልፉ ማጥፋትን ሁለት ሦስት ጊዜ ስትደጋግሙ ያው ገጽ ራሱ ይከፈታል። ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ጥበቃ) የበራበት ኮምፒውተር የማገገሚያ ቁጥሩን ሊጠይቅ ይችላል፤ ቀድማችሁ አዘጋጁት።

ሴፍ ሞድ በመሠረታዊው ድራይቨር ነው የሚሠራው። ችግሩ እዚያ ከጠፋ ድራይቨሩ ላይ ያላችሁ ጥርጣሬ ተጠናከረ። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ካርዱን ከፍታችሁ «ሮል ባክ ድራይቨር» በሉ፤ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። ድራይቨርን ከሥሩ የሚነቅሉ መሣሪያዎች አሉ፤ እነሱ የመጨረሻ አማራጭ ናቸው። ጀማሪ በነሱ ሲጀምር ማየት ያሳስበኛል።

ኬብሉን የተሳሳተ ቦታ መሰካት

ዴስክቶፕ ላይ ካርድ ገዝታችሁ ሞኒተሩን ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ከሰካችሁት ካርዱ ብዙ ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ካርዱ ላይ ሰኩት።

የማስጠንቀቂያ መልእክቱን ዝም ማሰኘት

«ዲስፕሌይ ድራይቨር መልስ መስጠት አቁሞ ነበር፣ ተመልሷል» የሚለውን መልእክት ያያችሁት ትኖራላችሁ። ዊንዶውስ ካርዱን አንድ ሥራ ሰጥቶት በ2 ሰከንድ ውስጥ ምላሽ ካላገኘ ድራይቨሩን እንደገና ያስጀምረዋል። ኢንተርኔት ላይ የሚሰጠው ምክር ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ ሴቲንግ ማከማቻ) ገብታችሁ 2ቱን ሰከንድ አብዙት የሚል ነው። ያ ካርዱ ለምን እንደዘገየ አይነግራችሁም፤ እናንተ የምትጠብቁበትን ጊዜ ብቻ ያረዝማል። ይልቅ ሙቀቱን እዩ። ማራገቢያው አቧራ ይዟል? ላፕቶፑ አልጋ ላይ ተቀምጦ ነው የሚሠራው? የካርዱን ፍጥነት በፕሮግራም ከፍ አድርጋችሁት ነበር? ወደ ነበረበት መልሱት።

ሁልጊዜ አዲሱን መፈለግ

የሚሠራን ድራይቨር በየሳምንቱ አትቀይሩ። አዲስ ጌም ካላችሁ፣ የታወቀ ችግር ከተስተካከለ ወይም የደኅንነት ማሻሻያ ከወጣ አድሱ። አሮጌ ካርድ ያላችሁ ደግሞ አዲሱ ድራይቨር ካርዳችሁን መደገፉን አረጋግጡ፤ ኢንቪዲያም ኤኤምዲም በ2021 የቆዩ ካርዶቻቸውን ከመደበኛው ድራይቨር አውጥተዋል።

ሊኑክስ ላይ

ሊኑክስን ስትጭኑ ስክሪኑ ጠቁሮባችሁ «ኖሞድሴት» (nomodeset) የሚለውን ትእዛዝ ጨምራችሁ ነበር? ከጫናችሁ በኋላ አውጡት። እሱ እያለ ካርዱ በአግባቡ ስለማይሠራ ኢፌክቱ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ስለ ሲስተሙ የሚገልጸው ገጽ ላይ የግራፊክስ ስም ሆኖ «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» (llvmpipe) ካያችሁ ሥዕሉን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ነው ማለት ነው። የኢንቪዲያን ድራይቨር ደግሞ ከድረ ገጹ አውርዳችሁ በእጅ አትጫኑ፤ ከርነሉ (የሊኑክሱ እምብርት) ሲታደስ ብዙ ጊዜ ስክሪን ያሳጣችኋል። ኡቡንቱ ላይ «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለው ይበቃችኋል።

እርዳታ ሲጠይቁ «አይሠራም» ብቻ ማለት

ልረዳችሁ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው ይፈልጋል። ግን «ስክሪኔ አይሠራም» ከሚል መልእክት ማንም ምንም አያውቅም። የካርዱን ስም፣ የድራይቨሩን ቁጥርና ቀን ጻፉ። የዊንዶውስ ቁልፍንና የ«አር» (R) ፊደልን ተጭናችሁ «ዲኤክስዲያግ» (dxdiag) የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ብትጽፉ «ዲስፕሌይ» የሚለው ገጹ ላይ ሁሉንም ያሳያችኋል። ችግሩ መቼ እንደጀመረና ከዚያ በፊት ምን እንደተቀየረ ተናገሩ፤ አፕዴትም ይሁን አዲስ ፕሮግራም ወይም አዲስ ኬብል። የሞከራችሁትን በቅደም ተከተል ዘርዝሩ፣ አንዱን ሞክራችሁ ውጤቱን ሳታዩ ሌላ አትጨምሩ። ከዚያ ስክሪንሾቱንም በስልክ ያነሣችሁትን ፎቶም ሁለቱንም አያይዙ፤ አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ የሌለው ነገር ነው መልሱን የሚሰጠን።