ከኋላ የወለቀ ጎማ ለፊት አይሆንም

ከደሴ ኮምቦልቻ በሞተር የሚመላለስ ሰው የሐረጎን ቁልቁለት ያውቀዋል። ክረምት ላይ ጉሙ ይወርዳል፣ አስፋልቱ ይረጥባል፣ ጠምዛዛውም አያልቅም። በዚህ መንገድ ላይ የፊትና የኋላ ጎማ እንደተገኘ ቀያይጠው የሚነዱ ልጆች በጣም ያሳስቡኛል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ከኋላ ያለቀውን ጎማ ወደ ፊት ማዛወር ነው። ሞተሩን የሚገፋው የኋላው ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ባለቤቱ ለኋላ አዲስ ይገዛና አሮጌውን «ገና ይሠራል» ብሎ ከፊት ያስገባዋል። እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ጎሚስታ «ምን ችግር አለው ወንድሜ፣ ልክክ ይላል» አለኝ፤ አመንኩት። ሐምሌ ላይ ሐረጎን ስወርድ ኩርባው ላይ ትንሽ ጋደል እንዳልኩ መሪው በአንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ታጠፈብኝ። እግሬን አስፋልቱ ላይ እየጎተትኩ እንደምንም ቆምኩ። ወርጄ ጎማውን ስዳብሰው መሃሉ ለጥ ብሏል፤ ጥርስ የቀረው ከዳርና ከዳር ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፊት ጎማ ቀጠን ያለና ክብ ነው፤ ሞተሩ ሲያጋድል አብሮ እንዲዞር። የኋላው ሰፋ ይላል፤ ሲያልቅ ደግሞ መሃሉ ይደለደላል። ያንን ከፊት ካደረጋችሁት፣ ስታጋድሉ ከደልዳላው ወደ ጠርዙ ዘሎ ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዙ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይመጣል፤ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራውም የፊቱ ነው። ስለዚህ ደህናው ጎማ ከፊት ይሁን።

ቀስቱን አለማየትም አለ። የጎማው ጎን ላይ ያለውን ጭቃ በአውራ ጣታችሁ ጥረጉት፤ የሚዞርበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ታገኛላችሁ። አንዳንዱ ጎማ ሁለት ቀስት አለው፤ አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለኋላ፣ አቅጣጫቸውም ተቃራኒ ነው። ከኋላ ጎማውን የሚጎትተው የሞተሩ ጉልበት ነው፤ ከፊት ደግሞ ፍሬኑ ወደ ኋላ ይይዘዋል። የተሠራውም ይህን አስቦ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሸወድበትን ልንገራችሁ። ጎማው ላይ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አለ። 1016 የሚል ከሆነ በ2016 አሥረኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ግን ይሄ 2016 የፈረንጆቹ ነው! በእኛ 2008 ዓ.ም. መሆኑ ነው። «የ2016 ነው» ተብሎ ሲሸጥላችሁ ስምንት ዓመት ተሸወዳችሁ። የፊት ጎማ ቶሎ ስለማያልቅ ዓመታት ይቀመጣል፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ ይደርቃል። ጎኑን እጠፍ አድርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ።

ልኩን በዓይን አትገምቱ። በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ከፊት 2.75-18፣ ከኋላ 3.00-18 ታያላችሁ፤ የመጀመሪያው የጎማው ስፋት፣ ሁለተኛው የቸርኬው ልክ ነው፣ በኢንች። ከልኩ አጠገብ 42 የሚል ቁጥር ካለ ጎማው 150 ኪሎ ይሸከማል፤ 47 ከሆነ 175። ታዲያ ቀጭኑን ከኋላ አድርጋችሁ ሰውና ጆንያ ስትጭኑበት ምን እንደሚሆን አስቡት። ለመልክ ብሎ ከመጠን በላይ ሰፊ ጎማ ከኋላ ማስገባትም ጥሩ አይደለም። ጠባቡ ቸርኬ ላይ ተጨምቆ ቅርጹ ይበላሻል፣ ካቴናውንም ሊነካ ይችላል። ከመነዳሪውም ከጎማው ልክ ጋር አንድ ይሁን።

የተለያየ ብራንድ መሆኑ ብቻውን አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ የአሠራሩ መለያየት ነው። በልኩ መሃል «አር» (R) ፊደል ያለበት ራዲያል ነው፣ የውስጡ ክር ከጎን ወደ ጎን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ማለት ነው፤ ሰረዝ ያለበት በአብዛኛው ሌላ ዓይነት ነው። ፋብሪካው ራሱ አጣምሮ ካልሰጣችሁ ሁለቱን አትቀላቅሉ። ትልልቅ ጥርስ ያለውን የገጠር ጎማ ከኋላ፣ ላጣውን ከፊት አድርጎ ኮረኮንች መግባትም እንዲሁ ነው፤ የኋላው ይገፋል፣ የፊቱ ይንሸራተታል።

አዲስ ጎማ ያስገባ ሰው ደግሞ ወዲያው አይፍጠን። አዲስ ላስቲክ ላዩ ያንሸራትታል። ለመጀመሪያዎቹ 150 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ማለትም ደሴና ኮምቦልቻን ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ፣ ኩርባ ላይ ብዙ አታጋድሉ፤ ፍሬኑንም በቀስታ ያዙ።