ፍሬዛል ቨርብ አልያዝ ላላችሁ
የእንግሊዝኛ ፍሬዛል ቨርብ (እንደ "ተርን ኦፍ" ግስ ከአጭር ቃል ጋር ተጣምሮ አንድ ትርጉም ሲሰጥ) በዝርዝር ሸምድዳችሁ በማግስቱ ጥፍት የሚልባችሁ ከሆነ፣ ዝርዝሩን ተዉትና መሃሉ ላይ "ኢት" ወይም "ዘም" አስገብታችሁ፣ እጃችሁ ያንኑ ነገር እየሠራ ጮክ ብላችሁ በሉት። መብራት ስታጠፉ "ተርን ኢት ኦፍ"። ካልሲ ስታወልቁ "ቴክ ዘም ኦፍ"። የወደቀ ማንኪያ ስታነሱ "ፒክ ኢት አፕ"። ለምን ይሠራል? እኛም "ቁጭ አለ" ስንል "አለ"ን ለብቻው አንተረጉመውም፣ ከድርጊቱ ጋር አንድ ላይ ነው የገባን። ደግሞ ምላሳችሁ ቅደም ተከተሉን ስለሚለምድ "ተርን ኦፍ ኢት" የሚለው የብዙዎቻችን ስህተት ሳይታወቃችሁ ይለቃችኋል። ግን መሃላቸው የማይከፈትም አሉ። "ሉክ አፍተር"ን አትክፈሉት፤ ልጅ ስትጠብቁ "ሉክ አፍተር ሂም" ነው የሚባለው።